የታዳጊዎች የዕድሜ ሕግ ስንት ኮከብ ይገባዋል?

ከአምስት ሦስት። ውጤቱን ያስቀደምኩት እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው እንዳይንከራተት ነው። ጊዜ ያለው ይቀመጥ፤ ነገሩ ረዘም ይላል።

የምገመግመው ስልክ ወይም ምግብ ቤት አይደለም። የታዳጊና የወጣት ብሔራዊ ቡድኖችን የዕድሜ ገደብ ነው። ያው ከ17 ዓመት በታች፣ ከ20 ዓመት በታች እያልን የምንጠራው። "ይሄ ደግሞ ምኑ ይገመገማል፣ ሕግ አይደል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አዎ ሕግ ነው፤ ግን አገልግሎትም ነው። ደንበኞች አሉት፤ ተጫዋቹ፣ ወላጁ፣ አሠልጣኙ፣ ፌዴሬሽኑ፣ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጥነው እኔና እናንተ። የገባልን ቃልም አለ፤ እኩያ ከእኩያው ጋር ይጫወታል ብሎናል። ይህን ቃሉን ምን ያህል ይጠብቃል የሚለውን ነው የማየው። እኔ የታዳጊ ውድድር ሲኖር ሌላ ነገር የማላይ ሰው ነኝ፤ ልጆች ሲመለመሉም ዳር ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ ፊፋም የሚቆጥረው በዚያው ስለሆነ።

ጥሩውን ላስቀድም። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቀን ይቆረጣል፣ እሱም ጃንዋሪ 1 ነው። በ2025 ኳታር ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለመጫወት ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ወይም ከዚያ በኋላ መወለድ ነበረብህ። በዚያው ዓመት ቺሊ ላይ ለተደረገው ከ20 ዓመት በታች ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2005። በቃ። ውድድሩ በየትኛው ወር ቢሆን፣ ጨዋታው በየትኛው ቀን ቢውል ለውጥ የለውም። የተወለድክበትን ዓመት የሚያውቅ ሁሉ መጫወት ትችል እንደሆነ በአንድ ሰከንድ ይነግርሃል። የእግር ኳስ ሕጎች ውስጥ እንዲህ ግልጽ የሆነ ብዙ የለም፤ ኳስ በእጅ የመንካትን ሕግ ለአንድ ሰው ለማስረዳት የሞከረ ይፍረደኝ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ከታችም ገደብ መኖሩን ነው። ኢንዶኔዥያ ላይ በ2023 በተደረገው ከ17 ዓመት በታች ውድድር የተፈቀደላቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2008 የተወለዱ ብቻ ነበሩ። ማለትም በ2009 የተወለደ ልጅ የፈለገውን ያህል ተአምር ቢሠራ ይጠብቃል። ይሄን ወድጄዋለሁ። ፌዴሬሽንም ሆነ አሠልጣኝ ውጤት ሲርበው ልጅ ለማስቀደም አያመነታም፤ አንድ ሰው "ቆይ" ማለት አለበት።

አንድ ነገር ግን ላጥራ፣ ምክንያቱም በየውድድሩ ተመሳሳይ ጩኸት እሰማለሁ። "ይሄ ልጅ 17 ሞልቶታል፣ እንዴት ከ17 በታች ይጫወታል?" ይጫወታል። ሕጉ የሚያየው የተወለደበትን ዓመት እንጂ በጨዋታው ቀን ያለውን ዕድሜ አይደለም። ጃንዋሪ ላይ የተወለደ ልጅ ውድድሩ ኖቬምበር ላይ ከሆነ 17 ዓመት ከአሥር ወር ሆኖት ነው ሜዳ የሚገባው፤ ምንም ያጭበረበረው ነገር የለም።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የባሰ ይመስላል። የአውሮፓ ከ21 ዓመት በታች ዋንጫ ላይ 23 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ታያላችሁ። በ2025 ስሎቫኪያ ላይ በተደረገው ውድድር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ጀምሮ የተወለደ ሁሉ ይፈቀድለት ነበር። ምክንያቱም ዕድሜው የሚቆጠረው ማጣሪያው ሲጀመር ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። አብሮ ማጣሪያ ተጫውቶ ያለፈው ልጅ ለዋናው ውድድር ዕድሜህ አልፏል ተብሎ እንዳይቀር ነው የተደረገው። አሳማኝ ነው። ጢማም ቡድን ስታዩ አትደንግጡ።

እስካሁን ያለው አምስት ኮከብ ነበር። አሁን ወደሚያስቀንሰው።

ሕጉ ዓመት ነው የሚቆርጠው ብለናል። የወንዶች ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ነበር የሚደረገው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጓቸውና ምን እንደሚሆን እዩ። 2017፣ 2019፣ 2023። የሚፈቀዱት በቅደም ተከተል ከ2000፣ ከ2002፣ ከ2006 ጀምሮ የተወለዱ። ሁሉም ሙሉ ቁጥር። ስለዚህ በ2006 የተወለደ ልጅ ከ17 ዓመት በታች ውድድሩን ትልቁ ሆኖ ይጫወታል። በ2007 የተወለደው ግን ወይ በ16 ዓመቱ ከትልልቆቹ ጋር ተጋፍቶ ይገባል፣ ወይ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ዕድሜው አልፎ ይጠብቀዋል። አንድ ዓመት ዘግይቶ ከመወለድ ሌላ ያጠፋው ነገር የለም። "ከ20 ዓመት በታች ላይ ይካሳል" የሚሉ አሉ፤ እዚያ በተራው ጎዶሎ ዓመት የተወለደው ትልቁ ይሆናልና። እውነት ነው። ግን በ17 ዓመት ዓይን ውስጥ የገባ ልጅና በ20 የገባ ልጅ እኩል ዕድል የላቸውም፤ መልማዮች የሚሰበሰቡት የት እንደሆነ እናውቃለን።

ደግነቱ ይሄኛው ተስተካክሏል። ከ2025 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ በየዓመቱ ሆኗል፣ በ48 ቡድን፣ እስከ 2029 ድረስ ኳታር ላይ። የሴቶቹም እንዲሁ በየዓመቱ ሞሮኮ ላይ። ስለዚህ እያንዳንዱ የልደት ዓመት የራሱ ውድድር አለው። ስለ 48 ቡድን ብዙ ሰው ያማርራል፤ ጨዋታ በዛ፣ ጥራት ወረደ ይላል። ይበል። ለልጆቹ ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ የተደረገላቸው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ከ20 ዓመት በታቹ አሁንም በየሁለት ዓመቱ ነው።

በወረርሽኙ ጊዜ የሆነውን ሳስበው ደግሞ አሁንም ያናድደኛል። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከ2020 ወደ 2021 ሲገፋ፣ የወንዶች እግር ኳስ ከ23 ዓመት በታች መሆኑ ቀርቶ ጃንዋሪ 1 ቀን 1997ን ይዞ ቀጠለ፤ ማለትም 24 ዓመት የሞላቸውም ተጫወቱ። ማጣሪያውን ያለፉት እነሱ ነበሩና ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ አጨብጭቤያለሁ። ግን በዚያው ጊዜ የ2021 ከ17 ዓመት በታችም ከ20 ዓመት በታችም የዓለም ዋንጫዎች ተሰረዙ። አልተገፉም፣ ተሰረዙ። የዕድሜ መስመሩም በነበረበት ቀጠለ። በ2004 ለተወለደ ልጅ ትልቁ ሆኖ የሚጫወትበት ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አልነበረም፤ በ2001 ለተወለደው ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የራሱ ተራ አለፈው። አንዱን በአንድ ዓመት ማሸጋገር ከተቻለ ሌላውን ማሸጋገር ለምን እንዳልተቻለ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። የ24 ዓመቱ ሰው ዋናው ብሔራዊ ቡድን ይጠብቀዋል፣ ክለቡም አለ። የ17 ዓመቱ ልጅ ያችው ነበረች ያለችው።

ኦሊምፒክን ካነሳሁ አይቀር፣ ወንዶቹ ጋ ያለው የዕድሜ ገደብ የጀመረው ባርሴሎና ላይ በ1992 ነው። ከ1996 ጀምሮ ሦስት ከዕድሜ በላይ የሆኑ ተጫዋቾች ይፈቀዳሉ። ሴቶቹ ጋ ገደብ የለም። የወንዶቹ ሕግ ለልጆች ታስቦ የወጣ አይደለም፤ የዓለም ዋንጫን ገበያ እንዳይሻማ ነው። ስለዚህ ከግምገማዬ ውጪ አድርጌዋለሁ።

አሁን የልቤን ልናገር። የዚህ ሕግ ትልቁ ጉድለት ማጭበርበር አይደለም። ዲሴምበር ነው።

ሁለት ልጆች ውሰዱ። አንዱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ተወለደ፣ ሌላው ዲሴምበር 31 ቀን 2008። በሕጉ ዓይን እኩዮች ናቸው። በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት ሙሉ አለ። በ30 ዓመታቸው ይሄ ምንም አይደለም። በ13 እና በ14 ዓመታቸው ግን አንዱ ድምፁ ጎርንኖ ትከሻው ሰፍቶ ሲመጣ ሌላው ገና ማሊያው ጉልበቱ ጋ ይደርሳል። ምልመላ ላይ ቆማችሁ እዩ። አሠልጣኙ ለአንድ ሰዓት ያህል 40 ልጅ ያያል። የአየር ላይ ኳስ ማን አሸነፈ፣ በሩጫ ማን ቀደመ፣ ማን ተገፍቶ ወደቀ። ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚያደርገው ትልቁ ልጅ ላይ ነው። "ጥሩ ነው፣ ግን አካሉ ገና ነው" የተባለውን ትንሽ ልጅ በየምልመላው ሰምቼዋለሁ። ያ ልጅ "በሚቀጥለው ዓመት ና" ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት የተመረጠው ልጅ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ የአንድ ዓመት ጨዋታና የአንድ ዓመት ምግብ ጨምሮ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

ይሄ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤልጅየም ውስጥ እስከ 1997 ድረስ የታዳጊዎች ዓመት የሚጀምረው ኦገስት 1 ላይ ነበር። ያኔ ከሚመረጡት ልጆች ውስጥ ከኦገስት ጀምሮ ባሉት ወራት የተወለዱት ይበዙ ነበር። ከዚያ የፊፋን መመሪያ ተከትለው መስመሩን ወደ ጃንዋሪ 1 አዛወሩት። ቨርነር ሄልሰን የሚባል የቤልጅየም ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2000 ባወጡት ጥናት ምን አገኙ? ብልጫው አብሮ ወደ ጃንዋሪና ተከታዮቹ ወራት ሄደ። አገሩ ያው፣ አሠልጣኞቹ ያው፣ የተንቀሳቀሰው መስመሩ ብቻ። ትናንት "ተሰጥኦ አለው" ይባል የነበረው የኦገስት ልጅ ዛሬ "ገና ነው" ተባለ። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ አንድ አሠልጣኝ ስለ ተፈጥሮ ተሰጥኦ ሲያወራ መጀመሪያ የምጠይቀው ልጁ መቼ ተወለደ ብዬ ነው።

መስመሩን ብታዛውሩት ችግሩ አብሮ ይዛወራል፤ ስለዚህ ሕጉን መለወጥ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ግን ዙሪያውን መሥራት ይቻላል። ቤልጅየሞች ራሳቸው ዘግይተው ለሚያድጉ ልጆች ከዋናው የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ጎን ሌላ ቡድን አቋቁመዋል፤ ፊውቸርስ ይሉታል። አካሉ ገና ያልደረሰ ግን ኳስ የሚያውቅ ልጅ እዚያ ይጠበቃል፣ ማሊያ ይለብሳል፣ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ይጫወታል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች ደግሞ ልጆችን በልደት ዓመት ሳይሆን በአካል ዕድገት ደረጃ ከፍለው ያጫወቱባቸው ውድድሮች ሞክረዋል። ልጁ ሲያድግ ይደርስበታል ተብሎ ከሚገመተው ቁመት ስንት እጅ ላይ እንደደረሰ ያሰሉና ተመጣጣኙን ያገናኙታል። ቶሎ ያደገው ልጅ በጉልበቱ ማሸነፍ ሲያቅተው ማሰብ ይጀምራል፤ ትንሹ ደግሞ ኳሷን ማግኘት ይጀምራል። ሁለቱም ይጠቀማሉ። ለአንድ አገር ፌዴሬሽን ይሄ ከባድ ወጪ አይመስለኝም፤ የሚጎድለው ፍላጎት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ መጋጨት አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። የክለቦችና የትምህርት ቤቶች ዓመት ከፊፋ ዓመት ጋር ብዙ ቦታ አይገጥምም። እንግሊዝ ውስጥ አካዳሚዎች የትምህርት ዓመቱን ተከትለው ከሴፕቴምበር ነው የሚቆጥሩት። አሜሪካኖች በ2017 ወደ ጃንዋሪ 1 አዛውረው ነበር፤ ልጆች ከክፍል ጓደኞቻቸው ተለያዩ፣ ወላጆች አማረሩ፤ ስለዚህ ትልልቆቹ የታዳጊ ማኅበራት ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ ኦገስት 1 እንመለሳለን ብለዋል። ብሔራዊ ቡድኑ ግን ጃንዋሪ ላይ ነው። አንድ ልጅ በክለቡ ከትንንሾቹ ወገን፣ በብሔራዊ ቡድን ከትልልቆቹ ወገን ሊሆን ይችላል። ወላጆች ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም።

እንግዲህ ወደ ማጭበርበሩ። ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

የዕድሜ ሕጉ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው በወረቀት ላይ ነበር። ፓስፖርቱ ምን ይላል? የልደት ሰርተፍኬቱ ምን ይላል? ወረቀት ደግሞ ሰው የሚጽፈው ነገር ነው። በ1988 ሜክሲኮ ለ1989ኙ የዓለም ወጣቶች ውድድር ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን አሰለፈች። የተጋለጡበት መንገድ ያስቃል፤ ፌዴሬሽኑ ራሱ ባሳተመው የዓመት መጽሐፍ ላይ የተጫዋቾቹ ትክክለኛ የልደት ቀን ሰፍሮ ነበር፣ ጋዜጠኛ አስተያየውና አለቀ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ። ቅጣቱ ግን አያስቅም። ፊፋ ሜክሲኮን ከማንኛውም ዓለም አቀፍ ውድድር ለሁለት ዓመት አገዳት። የሴኡል ኦሊምፒክ ቀረባቸው፣ የ1990 የዓለም ዋንጫም ቀረባቸው። ያን ጊዜ ሁጎ ሳንቼዝ ለሪያል ማድሪድ በአንድ የውድድር ዘመን 38 የሊግ ጎል ያገባበት ወቅት ነው። በሕይወቱ ምርጥ ዓመት፣ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ላይ ሌላ ሰው በሠራው ማጭበርበር ምክንያት፣ ዓለም ዋንጫን ሳይጫወት ቀረ።

በ1989 ደግሞ ተራው የናይጄሪያ ነበር። በ1988 ኦሊምፒክ ላይ የሦስት ተጫዋቾች የልደት ቀን ቀደም ባሉ ውድድሮች ካስመዘገቡት ጋር አልገጠመም። ታዳጊ ቡድኖቻቸው ለሁለት ዓመት ታገዱ፣ ሊያዘጋጁት የነበረው የ1991 የዓለም ወጣቶች ዋንጫም ተወስዶ ለፖርቱጋል ተሰጠ። በ1985 ቻይና ላይ የመጀመሪያውን የታዳጊዎች የዓለም ዋንጫ፣ ያኔ ከ16 ዓመት በታች ነበር፣ ያነሳች አገር ናት እንግዲህ።

ሁለቱም ታሪኮች ላይ ያልተመቸኝ ነገር የቅጣቱ አቅጣጫ ነው። ወረቀቱን የቀየረው አዋቂ ነው። የተቀጣው ማነው? ምንም ያልሠራው ቀጣዩ ትውልድ። እውነተኛ የ16 ዓመት ልጅ የትልልቆቹን ዕዳ ከፈለ። ይሄን የአገልግሎቱ የደንበኞች አያያዝ ብለን ብንገመግመው አንድ ኮከብ ነው፣ ያውም በግድ።

አሁን ኤምአርአይ መጣ፤ በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው ማሽን። የአገልግሎቱ ምርጡ ክፍል ይሄ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

የግራ እጅ አንጓ ነው የሚታየው። ልጁ ሰዓቱን፣ ቀለበቱን፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ያወልቃል፣ እጁ መቅረጫው ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ እየተንኳኳ ያነሳዋል። መርፌ የለም፣ ጨረር የለም። ራጅም ይህንኑ ማሳየት ይችላል፤ ግን ያልታመመን ጤነኛ ልጅ ለውድድር ብለህ ጨረር ማሳየት ተገቢ አይደለም ተብሎ ነው ኤምአርአይ የተመረጠው። ሐኪሙ የሚፈልገው ከአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት ጫፍ ነው። እያደገ ያለ ልጅ አጥንቱ ጫፍ አካባቢ አግድም የምትሄድ መስመር አለችው፤ አጥንቱ የሚያድገው በእሷ በኩል ነው። ልጁ ሲበስል መስመሯ መዘጋት ትጀምራለች፣ በመጨረሻም ትጠፋለች። ይሄን በስድስት ደረጃ ከፍለውታል። ስድስተኛው ላይ ከደረስክ መስመሯ ሙሉ በሙሉ ተዘግታለች ማለት ነው፤ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ቦታ የለህም።

ይሄን ያመጡት በጂሪ ድቮራክ የሚመሩ የፊፋ ሐኪሞች ናቸው። በ2007 ያሳተሙት ጥናት ከስዊዘርላንድ፣ ከማሌዥያ፣ ከአልጄሪያና ከአርጀንቲና የተውጣጡ፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 19 የሆነ 496 ተጫዋቾችን ይዞ ነበር። በ16 ዓመቱ መስመሯ ሙሉ በሙሉ የተዘጋችበት ልጅ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። አራት አገር ከአራት አህጉር መውሰዳቸውን ወድጄዋለሁ፤ "የእኛ ልጆች ቶሎ ይደርሳሉ" የሚለውን ሰበብ ለመዝጋት ነው።

ሥራ ላይ ሲውል ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተዘጋጀው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አዘጋጇ አገር ራሷ ከምርመራው በኋላ 15 ተጫዋች ቀነሰች። አስቡት፣ ቡድኑ ማለት ይቻላል ሄደ። በምትካቸው የገቡት ልጆች ግን ፍጻሜ ደረሱ፤ በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ነው የተሸነፉት። ለእኔ ከዋንጫው ይልቅ ይሄ ያስደስተኛል። እውነተኛ ታዳጊዎች የሉንም ይባል ነበር። ነበሩ። ቦታቸውን ሌላ ሰው ይዞት ነበር እንጂ።

በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ካሜሩን። ሳሙኤል ኤቶ የሚመራው ፌዴሬሽን ለማጣሪያ የተዘጋጀውን ከ17 ዓመት በታች ቡድን አስመረመረ። ከ30 ተጫዋች 21 ወደቁ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። እኔ ግን ያደነቅኩት ነገር አለ፤ ፌዴሬሽኑ ራሱ አስመረመረ፣ ራሱ ለሕዝብ ተናገረ። ዝም ብሎ ሌላ ልጅ ማስገባት ይቻል ነበር እኮ።

ታዲያ ለምን ለኤምአርአዩም አምስት አልሰጠሁትም? አንደኛ፣ ማሽኑ ዕድሜ አይናገርም። የሚናገረው መስመሯ ተዘግታለች ወይስ አልተዘጋችም የሚለውን ነው። ስለዚህ ወንፊት ነው፤ ዘግይቶ የሚያድግ የ18 ወይም የ19 ዓመት ወጣት መስመሯ ክፍት ስለሆነች ብቻ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ቶሎ ያደገ እውነተኛ ልጅ ደግሞ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም፣ ይያዛል። ከመቶ አንድ የማይሞላ ስትሉት ትንሽ ነው፤ ያ አንዱ ልጅ የእናንተ ሲሆን ትንሽ አይደለም። ሰርተፍኬቱ ትክክል ነው፣ እናቱ የወለደችበትን ቀን ታውቃለች፣ አጥንቱ ግን ቸኩሏል። "አጭበርባሪ" ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይግባኝ የሚልበት፣ ስሙን የሚያጸዳበት ግልጽ መንገድ ሊኖረው ይገባ ነበር።

በተለይ የጃንዋሪው ልጅ ያሳስበኛል። ጥናቱ ጠንካራ የሆነው ስለ 16 ዓመት ልጅ ሲናገር ነው። ኖቬምበር ላይ ግን ያ ልጅ ወደ 18 ተጠግቷል። አጥንቱ ሕጋዊ ነው ብሎ አይጠብቀውም። ስለዚህ ምርመራው በዓመቱ መጀመሪያ ቢደረግ ለልጁም ለውጤቱም ይሻላል፤ ውድድሩ ደጃፍ ላይ ሲደርስ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም አይሠራም። ከ20 ዓመት በታች ላይ ጥቅም የለውም፤ በዚያ ዕድሜ የብዙዎቹ መስመር ተዘግቷል፣ ማንን ከማን ትለያለህ? ሴቶቹ ጋም ይሄ መለኪያ አይሄድም። ጥናቱ የተሠራው በወንዶች ላይ ነው፣ የልጃገረዶች አጥንት ደግሞ ቀድሞ ነው የሚዘጋው፤ በወንዶቹ መስፈርት ብትለካት እውነተኛዋን የ16 ዓመት ልጅ ታባርራታለህ። ስለዚህ ከ17 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከ2008 ጀምሮ ሲካሄድ፣ ዕድሜን በተመለከተ አሁንም ዋናው ዳኛ ወረቀት ነው። ይሄ ሲወራ አልሰማም። ለወንዶቹ መለኪያ ከተገኘ ለሴቶቹም የሚሆናቸው መገኘት አለበት።

ወረቀቱን ማጠንከር ግን ይቻላል፣ ለዚያም መሣሪያው አለ። ፊፋ ተጫዋቾች በኤሌክትሮኒክ መዝገብ አንድ ቋሚ መለያ ቁጥር የሚያገኙበት ሥርዓት አለው። ልጁ በአሥር በአሥራ አንድ ዓመቱ ኳስ ሲጀምር የልደት ቀኑ አንዴ ከተመዘገበ፣ ማንም አዋቂ በ16 ዓመቱ መጥቶ ሊያሳንሰው አይችልም። በአሥር ዓመት ልጅ ላይ ዕድሜ የሚቀንስ ሰው ብዙ የለም፤ ፈተናው የሚመጣው ብሔራዊ ቡድን ሲሸት ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ታች፣ ሰፈር ቡድን ላይ ነው።

ወላጆች ከሆናችሁ፣ ወይም ታናሽ ወንድም ካላችሁ፣ ይቺን ያዙ። አንድ ቀን አንድ ሰው ይመጣል፤ አሠልጣኝ ነኝ ወይም ወኪል ነኝ ይላል፣ ልጁን ያሞግሳል፣ ከዚያ "ሁለት ዓመት ብቻ ብንቀንስለት" ይላል። ለሁሉም የሚደረግ ነው፣ ማንም አያውቅም፣ ለልጁ ጥቅም ነው ይላችኋል። የሚከተለውን አይነግራችሁም። የተቀነሰው ዕድሜ ፓስፖርቱ ላይ፣ ትምህርቱ ላይ፣ የክለብ ውሉ ላይ አብሮት ይኖራል፤ በ30 ዓመቱ ወረቀቱ 28 ሲል ጉልበቱ ግን የራሱን ይቆጥራል። ምርመራው ላይ ሲወድቅ ደግሞ ሰውየው እዚያ አይኖርም። ኤምአርአይ ክፍል ገብቶ እጁን የሚዘረጋው ልጁ ነው፣ ስሙ የሚነሳውም የልጁ ነው። "ወረቀቱ ላይ አንተ ፈርም፣ ስምህንም ጻፍ" በሉት። የምታገኙት መልስ ማንነቱን ይነግራችኋል።